የጠርሙስ ቀን ነገ ነው

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ሲሆን የቆሻሻ መኪናው ይመጣል። መጀመሪያ ዜማው ነው የሚሰማው፤ የሕፃን መጫወቻ የሚመስል፣ ከትልቁ መንገድ ወደ ቅያሳችን እየተንቆረቆረ የሚታጠፍ ዜማ። ይህን ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው ታይፔ ውስጥ የለም። እኔ የጀመርኩትን ስፌት ትቼ እነሳለሁ፤ ፎቅ ላይ ያሉት በነጠላ ጫማ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ሰው ከተማው የሚሸጠውን ሰማያዊ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሻሻውን በገዛ እጁ መኪናው ውስጥ ይጥላል። መሬት ላይ አስቀምጦ መሄድ ብሎ ነገር የለም።

ላን እባላለሁ። ልብስ አስተካካይ ነኝ፤ የረዘመውን አሳጥራለሁ፣ የሰፋውን አጠባለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን መኪና ስጠብቅ ስለኖርኩ የሰውን ጓዳ ከፌስታሉ አውቃለሁ። የሦስተኛ ፎቁ ሽማግሌ ልጆቹ የጠየቁት ሰሞን የዓሣ አጥንት ይዞ ይወርዳል፤ ካልመጡ የደረቅ ኑድል ሳህን ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሁለት ትንንሽ ፌስታል ይዘው ለየብቻ ይቆማሉ። ሐሜተኛ ነሽ ትሉኝ ይሆናል። ነኝ። እንደዚህ ባልሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማን ይነግራችሁ ነበር?

መኪናው ጀርባ ላይ የምትቆመው ልጅ ዋንዩ ትባላለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚያ መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። የከተማው ጽዳት ቢሮ ሠራተኛ ሲቀጥር ባለ ዲግሪው ሁሉ ይመዘገባል፤ ፈተናው ደግሞ የአሸዋ ከረጢት ተሸክሞ መሮጥ ነው። ዋንዩ ከሴቶቹ አንደኛ ወጣች። የወንድ ልክ ሰጥተዋት ብርቱካንማው ሱሪ እግሯ ላይ ተጠቅልሎ ወደ ሱቄ የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። «አክስቴ፣ አደራ አሳምሪልኝ፤ ይኼን ልብስ ሮጬ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። እንደዚያ ደረቱን ነፍቶ የሥራ ልብስ ያስለካኝ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ሊረን ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው። አባቱ ትተውለት በሞቱት ክሊኒክ ይሠራል። ከእናቱ ከወይዘሮ ሼን ጋር የሚኖረው በቅያሳችን ጫፍ ባለው አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ያ ሕንፃ የራሱ የቆሻሻ ክፍልና የሚያወጣለት የራሱ ሠራተኛ አለው። የዚያ ሕንፃ ሰው ዜማውን ሲሰማ መስኮቱን ይዘጋል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ ከስምንት ወር በፊት አንድ ሰኞ ሊረን ሰማያዊ ፌስታል ይዞ ወረፋ ላይ ሲቆም ከማንም ቀድሜ የነቃሁት እኔ ነኝ።

ዋንዩ ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነዋ።»

«የሙዝ ልጣጭ ነው። የሙዝ ልጣጭ እዚህ አይገባም፤ አረንጓዴው ባልዲ ውስጥ ነው። የበሰለ ትርፍራፊ ከሆነ ደግሞ ቀዩ ውስጥ። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«በሠላሳ አንድ ዓመትህ ሙዝ መጣል አታውቅም?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከፊቷ ላይ አላነሳም። በማግስቱ ሌላ ልጣጭ ይዞ መጣ፤ አረንጓዴው ባልዲ ውስጥ ከተተና ጎበዝ እንደተባለ ተማሪ ቀና ብሎ አያት። እሷ ፊቷን አዞረች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ስንት ሙዝ እንደበላ አንድ አምላክ ይወቅ።

መኪናው የሚቆመው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። በአራት ደቂቃ ፍቅር አይወራም፤ ስለዚህ መጻጻፍ ጀመሩ። ፖስታ ቤታቸው አዝራር የማጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮዬ ነበር። እሱ በክሊኒኩ የቀጠሮ ካርድ ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ እሷ በቆሻሻ ማውጫ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ትመልሳለች። «ልጆች፣ ስልክ የላችሁም እንዴ?» ብላቸው ዋንዩ «በስልክማ ማንም ያወራል አክስቴ» አለችኝ። እኔ ደብዳቤያቸውን አላነበብኩም። እሺ፣ ሁለቱን አንብቤአለሁ። አንደኛው የሱ ነው፦ «ትናንት ዝናብ ላይ ቆመሽ ስትስቂ አየሁ። ዛሬ ጥርስ እየነቀልኩ ትዝ ብሎኝ ፈገግ ብል ሰውዬው ተቆጣኝ።» ሁለተኛው የሷ፦ «እጄን ሽታው አይለቀውም ስልህ እጄን ያዝከው። በእጄ አፍሬ አላውቅም። ግን እስከ ዛሬ ማንም ይዞት እንደማያውቅ የገባኝ ያን ቀን ነው።» መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። የጀመርኩት ሸሚዝ ቀኑን ሙሉ ሳይነካ ዋለ።

*

ወይዘሮ ሼን ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ሊረን ዋንዩን የልደታቸው እራት ላይ ጋበዛት። ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት መሆኑ ነው። ጨርቅ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ፣ ቀለሙን አወቅሽው?»

«አረንጓዴ። ያ የሙዙ ባልዲ!»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳምንት ሙሉ ሰፋሁት፤ ወገቡን ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ለብሳው መስታወቴ ፊት ስትዞር የራሴን ልጅ የምድር መሰለኝ።

በእራቱ ማግስት ቀሚሱን አጣጥፋ ይዛ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የነገረችኝ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ለረጅም ዕድሜ የሚበላው ረጅሙ ኑድል ቀርቧል፣ በእንፋሎት የበሰለ ትልቅ ዓሣ ከነጭንቅላቱ መሐል ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ሼን ከዓሣው ጉንጭ ላይ ያለውን ሥጋ በገዛ እጃቸው አንስተው ዋንዩ ሳህን ላይ አኖሩላት። ትልቅ ክብር ነው። ከዚያ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«ዋንዩ ከተማ አስተዳደር ነው የምትሠራው። አካባቢ ጥበቃ ቢሮ፣ ጥናት ክፍል። አይደል ልጄ?»

ዋንዩ ሊረንን አየችው። ሊረን ዓሣውን አየ። ማን ጥናት ክፍል እንዳስገባት ያኔ ገባት።

«አካባቢ ጥበቃ ልክ ነው፣ ወይዘሮ ሼን» አለች። «ጥናት ክፍል ግን አይደለሁም። የቆሻሻ መኪናው ጀርባ ላይ ነኝ። በእርስዎ ሰፈር ነው የማልፈው።»

ወይዘሮ ሼን የመብያ እንጨቶቻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እኛ ሕንፃ ይህን የሚያደርግልን ሰው አለ» አሉ።

«አልሰደቡኝም እኮ አክስቴ» አለችኝ ዋንዩ። «እሳቸውን አልተቀየምኩም። እሱ ነው! አንድ ቃል ነበር የጠበቅሁት። ‘እውነቷን ነው’ ቢል ይበቃኝ ነበር። ዓሣው ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ዓሣው ይሻላል፣ ቢያንስ ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ነበር።»

ወረቀት አውጥታ ቆርቆሮዬ ውስጥ ጣለች። አልደበቀችውም፣ እንዳነብበው ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ነው። «አንድ ልጣጭ ይዘህ ወረፋ ላይ ስትቆም ሰው ሲስቅብህ እንኳ ባንተ አላፈርኩም። አንተ ግን በእኔ አፈርክ። መስመር ቀይሩልኝ ብያቸው ፈቅደውልኛል። ቅዳሜ በእናንተ ቅያስ የመጨረሻዬ ነው።»

«ቀሚሱስ?» አልኳት።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ። የሚያምርብኝን ልብስ ሮጬ አግኝቼዋለሁ።»

ወጣች። ከኋላዋ ሳያት ብርቱካንማው ሱሪ ልክክ ብሎባት ነበር፤ እኔ ያሳጠርኩት ሱሪ። ኮራሁባት።

*

ሊረን ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ወረቀቱን አንብቦ ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተዘረፈጠ። ፂሙን አልተላጨም።

«አክስት ላን፣ ደብዳቤ ልጻፍላት። ይቅርታ ልለምናት።»

አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበር፤ አንድ በአንድ አወጣሁት፣ ረጋ እስክል።

«ደብዳቤ ጠግባለች» አልኩት። «ዝም ያልከው አሥራ ሁለት ሰው ፊት ነው። አሁን አዝራር ውስጥ ተደብቀህ ነው ይቅርታ የምትለው?»

«እናቴ እኮ...»

«እናትህን ተዋቸው! እሳቸው የሚያፍሩበትን ያውቃሉ። አንተ በምንድን ነው የምታፍረው? መጀመሪያ እሱን ለይ። ጥሬውን ከበሰለው መለየት አስተምራህ የለም እንዴ!»

አልሳቀም። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶኝ ወጣ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ምላሴን ረገምኩ። አባት የሌለው ልጅ ላይ እንዲህ ይጮኻል?

*

ዓርብ የወረቀትና የአሮጌ ልብስ ቀን ነው። ሰዉ የታሰረ ጋዜጣውን ይዞ ተሰልፏል። ሊረን ባዶ እጁን መጣ። ከእሱ ኋላ ደግሞ ማን ቢከተል ጥሩ ነው? ወይዘሮ ሼን! የሐር ሸሚዝ ለብሰው፣ የትልቅ መደብር የወረቀት ቦርሳ አንጠልጥለው፤ ቦርሳው ውስጥ የልደቱ የወይን ጠርሙሶች ይንቀጫቀጫሉ። በኋላ እንደሰማሁት ሊረን ምሳ ላይ «ዛሬ ማታ ሰፈሩ ፊት የምናገረው ነገር አለኝ፤ መስማት ከፈለግሽ ውረጂ» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ እዚያ ሰልፍ ላይ ባዶ እጃቸውን መታየት ሞት ሆነባቸውና ወጥ ቤት ያገኙትን አንስተው ወረዱ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ላይ አልፈርድባቸውም።

መኪናው ቆመ። ሊረን ወደፊት ሄደ።

«ዋንዩ።»

«ተራህን ጠብቅ።»

«የምጥለው የለኝም።»

«እንግዲያው ዞር በል፣ ሰው ቆሻሻውን ይጣል።»

ዞር አለ፤ ግን ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ወደ እኛ ነበር የዞረው። ዜማው እየጮኸ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሼን ሊረን እባላለሁ። ጥርሳችሁን የነቀልኩላችሁ ታውቁኛላችሁ።»

«ያሳመምከኝም አለሁ!» አለ የሦስተኛ ፎቁ ሽማግሌ። ሰዉ ሳቀ።

«ይህችን ልጅ እወዳታለሁ» አለ ሊረን። ሳቁ ቆመ። «ለእናቴ ግን ቢሮ ነው የምትሠራው ብዬ ዋሸሁ። እሷ በሰው ፊት እውነቱን ስትናገር እኔ ዝም አልኩ። እናቴን ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። አይደለም፤ አፍሬባት ነው። አሁንም አፍራለሁ፤ የማፍረው ግን አቀርቅሮ በተቀመጠው ሰውዬ ነው። ዋንዩ፣ እንድትመለሺልኝ አይደለም ይህን የምለው። በሰው ፊት የበደልኩሽን በሰው ፊት ልክስሽ ነው።»

አንድም ሰው ፌስታል አልጣለም። ሾፌሩ ጋሼ ኬ በመስኮት አንገታቸውን አወጡና «አራት ደቂቃው አልቋል!» አሉ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። «እሺ፣ እሺ፣ አንድ ደቂቃ ከእኔ ይሁን።»

ዋንዩ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ዓይኗ ሞልቷል። በዚህ መሐል ወይዘሮ ሼን ጠርሙሶቻቸውን እያንቀጫቀጩ ወደፊት መጡና ቦርሳውን ዘረጉላት። ዋንዩ ወደ ውስጥ ተመለከተች። እኔ በሆዴ ተቀበያቸው፣ አንዴ ብቻ ተቀበያቸው፣ ሕይወትሽ ነው እያልኩ እለምናለሁ።

«ወይዘሮ ሼን፣ ዛሬ ዓርብ ነው» አለች። ቃሉ ጥርት ያለ ነው። «የወረቀት ቀን ነው። የጠርሙስ ቀን ነገ ነው። ታጥቦ፣ ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል።»

ወይዘሮ ሼን እዚህ ቅያስ ከገቡ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እምቢ ያላቸው ሰው አልነበረም። ፊታቸው ደም መሰለ።

«አልቀበልም ማለትሽ ነው?»

«አልቀበልም። የእናቴ ቢሆንም አልቀበልም።»

ወይዘሮ ሼን ዞሩ። ጠርሙሶቹ ሕንፃው በር ድረስ ሲንቀጫቀጩ ተሰማን። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዋንዩ ወደ ኋላ አላየችም፤ ግን በዚያ ቆሻሻ በነካ ጓንት ፊቷን ስትጠርግ አየኋት። በጓንት ፊቷን ነክታ የማታውቅ ልጅ ናት። እኔ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም፤ ሁሉም ነገር እንዳበቃለትም እርግጠኛ ነበርኩ።

*

ቅዳሜ ዘነበ። የመጨረሻዋ ቀን ስለሆነ ሰፈሩ ዜማው ሳይሰማ ወርዶ ጠበቀ። እኔ አረንጓዴውን ቀሚስ በወረቀት ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ።

ወረፋው ላይ ከሦስተኛ ፎቁ ሽማግሌ ቀጥሎ ወይዘሮ ሼን ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ውስጡን የሚያሳይ ፌስታል። ጠርሙሶቹ ከመታጠባቸው የተነሳ የመንገዱ መብራት ያበራባቸዋል፤ የተለጠፈባቸው ወረቀት እንኳ ተልጦ ተነሥቷል። ሊረን ራቅ ብሎ በዝናብ ቆሟል። «ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለችኝ» ብሎ አንሾካሾከልኝ።

ሽማግሌው «ወይዘሮ፣ እርስዎ ይለፉ» አላቸው።

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉ።

ተራቸው ደረሰ። ዋንዩ አንዱን ጠርሙስ አውጥታ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው።

«ወረቀቱን ማንሣት እንኳ አይጠበቅብዎትም ነበር።»

«ማን ነገረኝ!» አሉ ወይዘሮ ሼን። «ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ሠራተኛዋ ላግዝዎት ብትል ከወጥ ቤት አስወጣኋት። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው፣ ወይዘሮ ሼን።»

ይሄዳሉ ብለን ስንጠብቅ አልሄዱም። «ባለቤቴ ክሊኒካቸው ትልቅ ሹም ቢመጣ ወረፋ አያስዘልሉም ነበር» አሉ። «ልጄ ይህን ከአባቱ አልወረሰም እያልኩ አዝናለሁ። ትናንት ስትመልሺኝ እሳቸውን ያየሁ መሰለኝ። ልደቴ ላይ ‘የሚያደርግልን ሰው አለ’ ብዬሽ ነበር። ዛሬ ወርጄ ስሙን ጠየቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት ቆሻሻዬን ሲያወጣ ስሙን አላውቅም ነበር።»

ዋንዩ ጓንቷን አወለቀች። በሁለት እጇ የወይዘሮ ሼንን እርጥብ እጅ ያዘች፤ እሳቸውም አልነጠቋትም። ከሰልፉ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። እኔ ነኝ ብዬ መናገሩ ይሻላል።

ከዚያ ዋንዩ ወደ ሊረን ቀና አለች። «አንተስ? ዛሬም ባዶ እጅህን ነህ?»

ሊረን እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። የሙዝ ልጣጭ አወጣ። በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ በዝናብ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ አረንጓዴው ባልዲ ውስጥ ጣለው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዋንዩ አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ግን ቀላ። የጠቀለልኩትን ቀሚስ ስዘረጋላት ተቀበለችኝ፤ መኪናው ሊነሣ ሲል ደግሞ አንድ ወረቀት እጄ ላይ አኖረች።

«ለቆርቆሮው» አለችኝ።

ቆርቆሮው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አነበብኩት፤ ይኼ ሦስተኛዬ ነው። «ከሰሜኑ ኮረብታ ሥር፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለው ገበያ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ሙዝ በየቀኑ ይቻላል። ብታረፍድ አልጠብቅህም፤ የምንቆመው አራት ደቂቃ ነው።»

*

ሰኞ ዜማው ሲሰማ ወረድኩ። መኪናው ጀርባ ላይ የማላውቃት ሴት ቆማለች። ዞር ስል ወይዘሮ ሼን በክር የታሰረ ጋዜጣ ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። ሰኞም እንደ ዓርብ የወረቀት ቀን ነው፤ አልተሳሳቱም።

«ልጅዎ የት አለ?» አልኳቸው።

«አውቶቡስ ውስጥ» አሉ። «ልጣጭ በእጁ ይዞ። ቦርሳህ ውስጥ ክተተው ስለው፣ አልደብቀውም አለኝ። ያ ሁሉ ተሳፋሪ እያየው!»

የተናደዱ መስሎኝ ላጽናናቸው አፌን ስከፍት አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ጨመሩ።

«የእኔ ልጅ እኮ ነው!»